እስከ አውድማው አምስት አባታችን ሆይ

ሳልተርስ ኔክ፣ ማሳቹሴትስ
ጃንዋሪ 8፣ 2019

ለወንድሜ ለኤቫሪስቶ፣

የተወለደው ጌታ በቤትህ፣ በላሞችህና በጥርሶችህ ላይ ሰላሙን ያሳድር። ጥርስ ከቀረህ ማለቴ ነው። እኔ አራት አሉኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደህና አይደለም፣ እሱ ለብቻው ሰላም ብሎሃል።

ማን ናት ይቺ ለፍላፊ እንዳትል። ዴኦሊንዳ ነኝ፣ አሜሪካ የቀረው የአጎትህ የማኑዌል ልጅ። አባትህ ዡዋውና አባቴ ማኑዌል አንድ ጡት የጠቡ ወንድማማች ናቸው። ይኸው ሠላሳ ዓመት በየገናው ካርድ እንላላካለን። አንተ ስምህን ትጽፋለህ፣ እኔ ስሜን እጽፋለሁ፣ አለቀ። ልክ ጎረቤት ተጣልቶ በአጥር ላይ ሰላም እንደሚባባለው! ዘንድሮ ግን ካርድ አይበቃኝም፣ ወሬ አለኝ፣ ይዤው ልፈነዳ ነው። ስልክ ብደውልልህ ሦስት ቀን ጠራ፣ አራተኛው ቀን አነሳህና "ማነው?" ብለህ ሳልመልስልህ ዘጋኸው። ጆሮህን ለሐኪም አሳይ። እስከዚያው በደብዳቤ ቻለኝ። ፖርቱጋልኛዬ ዝጓል፣ ፊደሌም እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ነው የሚሄደው።

አባቴ ሃያ ሰባት ዓመት አትክልተኛ የነበረበትን ግቢ ታውቃለህ፣ ባሕር ዳር ያለውን፣ የነትሬድዌልን። የመጨረሻዋ እመቤት ሚስ አዴላይድ ሁለት ዓመት ሆናት ከሞተች፣ በዘጠና ሰባት ዓመቷ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሁሉን ለከተማው ተናዝዛ ሞተች! ቤቱን፣ የፈረስ ጋጣውን፣ አትክልቱን፣ የባሕር ዳሩን ግንብ። "ሕዝብ ይጎብኘው" ብላ። በሕይወቷ ዶሮ እንኳ አታስገባም ነበር እኮ! አሁን ኮሚቴ ተቋቁሞ እየታደሰ ነው፣ ጁን አሥራ አምስት በሩ ለሁሉም ይከፈታል። እኔም ኮሚቴ ገባሁልህ። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ! በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሬ እየኖርኩ፣ ያንን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ አየሁት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነስቼ መስኮት ወለወልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ዓርብ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሯ ፕሪሲላ ሃታዌይ ትባላለች፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ጥሩ ሴት ናት፣ ግን እንደ ጠመኔ የደረቀች። ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ በዱላ ታሳያለች። "እዚህ የጽጌረዳው አትክልት። እዚህ የመስታወት ቤቱ። ይሄ ታች ያለው ደግሞ አሸዋና እሾህ ብቻ ስለሆነ፣ ለስድሳ መኪና ማቆሚያ ጠጠር ይፈስበታል።"

እኔ ብድግ አልኩ። "የት ነው ጠጠር የሚፈሰው? የአባቴ የታች አትክልት ላይ?"

"ወይዘሮ ፉርታዶ፣ እዚያ አትክልት እንደነበረ የሚያሳይ አንድም ፎቶ፣ አንድም ወረቀት የለንም። እርስዎ አለዎት?"

"አለኝ!" አልኩ።

አፌ ቀደመኝ። እኔ ጋ የለም፣ አንተ ጋ ነው ያለው። አባቴ በየዓመቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት ማታ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጎ፣ በአናጢ እርሳስ አትክልቱን ይሥል ነበር፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ለወንድሙ ለአባትህ ይልከዋል። ባይኔ አይቻለሁ። ጠጠሩ የሚመጣው ሜይ አንድ ቀን ነው። ወረቀቱን ላክልኝ፣ በሰው ፊት ቃሌን አታስበላኝ።

ቤተሰብህን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ሰው ሁሉ የሚጎበኘው ሆነ እኮ፣ ኤቫሪስቶ! ሰው ሁሉ!

እህትህ ዴኦሊንዳ


ሳን ሚጌል፣ አዞረስ
ፌብሩዋሪ 20፣ 2019

ለተከበሩ ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ፉርታዶ፣

እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጥርስ ስድስት አለኝ። ላሟ ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ዝናቡ አላቆመም።

አሉ ያሏቸውን ወረቀቶች አላውቅም። አጎቴ ማኑዌል በየደብዳቤው "ተከላው ሲያልቅ እመጣለሁ" ይል እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። ተከላው አላለቀም መሰለኝ።

አክባሪዎ
ኤቫሪስቶ


ሳልተርስ ኔክ
ማርች 2፣ 2019

ለወንድሜ ለኤቫሪስቶ፣

ጾሙን ያስጀምርህ፣ ያስፈጽምህ። ስለ ጥጃውም፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለህ ላሟን በኔ ስም ጆሮዋን እከክልኝ።

ስድስት ጥርስ ይዘህ ነው እንዲህ የምትነክሰኝ? አሥር ቢኖርህ ምን ልትሆን ነበር! ደግሞስ "የተከበሩ ወይዘሮ" ምንድነው? ፍርድ ቤት ነው የምንጻጻፈው? እህትህ ነኝ። አንቺ በለኝ፣ ካፈርክ እታለም በለኝ።

ስማኝ እንግዲህ። አባቴ ለምን እንዳልመጣ አላውቅም፣ አልከራከርለትም። ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴን ስጠይቃት ወደ ድስቷ ትዞራለች። ጎመኑን ስታማስል ስታማስል ጥያቄዬን ትረሳልኛለች። አባቴ ራሱ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ያልተናገረውን ሁሉ ለኔ አውርሶኝ ነው የሞተው ይላሉ ልጆቼ።

የማውቀውን ልንገርህ። እኔ ምሳውን ይዤለት እሄድ ነበር፣ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ፣ በኋላው በር። የፊት ለፊቱ በር ለጌቶች ነው። አትክልተኛ በኋላ ገብቶ በኋላ ይወጣል። የአትክልተኛ ልጅ ደግሞ ከኋላው በር አንድ እርምጃ አታልፍም። አባቴ ይመጣል፣ ቆሞ ይበላል፣ እጁ ደረቅ መሬት ይሸታል፣ "ውስጥ ምን አለ?" እለዋለሁ፣ "ቤት" ይለኛል። ቤቱን የሚል መስሎኝ ነበር፣ ያንን ትልቁን።

ከዚያ በ1954 ትልቁ ማዕበል መጣ። ባሕሩ ግንቡን ዘሎ ገባ፣ የታች አትክልቱን በአንድ ቀን አሸዋ አለበሰው። ጌቶቹ "ተዉት" አሉ። አባቴ በአካፋ ብቻውን ጀምሮት ነበር፣ አሻፈረኝ ብሎ። በሁለተኛው ክረምት ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቦታ የነካው እሾህ ብቻ ነው። እና አሁን፣ ሕዝብ ሊያየው በሩ ሲከፈት፣ የሕዝቡ መኪና ሊቆምበት ነው! አይገባህም? አንድ ጊዜ ባሕር ቀበረው፣ አሁን ደግሞ እኛው ልንቀብረው።

እባክህ ሣጥን ካለ ክፈት። ጣሪያ ሥር ካለ ውጣ፣ ጉልበትህ ካልቻለ ሰው ላክ።

እዚህ ሥራው ጦፏል። የፊቱን በር ቀለም ቀባነው፣ አረንጓዴ። የመስታወት ቤቱ መስታወት ገባ። ደረቴ ላይ ስሜ የተጻፈበት ነገር ለጠፉልኝ፣ ለጎብኚ አስረጂ ልሆን ነው! "ዝም እንድትይ የሚከፍሉሽ አይመስልሽም?" አለኝ ጊል ሜዴይሮስ፣ ኤስካቫተር ያለው ጎረቤቴ። እሱ ነው ጠጠሩን የሚያነጥፈው። ሾርባ ነፍጌዋለሁ።

ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬልሃለሁ። ጉቦ ነው።

እታለም ዴኦሊንዳ


ሳን ሚጌል
ማርች 27፣ 2019

ለእታለም ዴኦሊንዳ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለካልሲው። አንዱን ጥንድ የወንድሜ የልጅ ልጅ ቤኣትሪሽ ወሰደችው።

ጣሪያ ሥር አይደለም። በአባቴ አልጋ ሥር የአሜሪካ ጆንያ ነበር፣ አባትዎ ልብስ እየሞሉ ይልኩበት የነበረው፣ የመጨረሻው። የወርቅ ቀለም ቁልፍ ያለው ኮት ከውስጡ ወጥቶ በስምንት ዓመቴ ለብሼው ቤተክርስቲያን ሄጃለሁ። ልጆቹ "አሜሪካ፣ አሜሪካ ትሸታለህ" እያሉ ተከተሉኝ። ጆንያው አሁንም ይሸታል።

ሃያ ሰባት ወረቀት ነው። አባቴ አንድ ቀን አላሳየኝም። የመጨረሻውን ልኬያለሁ፣ የአምሳ ሦስቱን። ሳይታጠፍ ነበር የተቀመጠው፣ እኔ ነኝ ያጠፍኩት።

ከመስመሮቹ አጠገብ ያሉት ቁጥሮች አባታችን ሆይ ናቸው። እዚህ ገመድ ያልነበረው ሰው ሁሉ እየጸለየ ይራመዳል፣ እርሻውን በዚያ ነው የሚለካ። ከበሩ ተነስተው ባሕሩን በግራ ይዘው አምስት አባታችን ሆይ፣ አውድማ። ከአውድማው ወደ ቀኝ ሁለት፣ በለስ። ከበለሱ ቁልቁል አንድ፣ የውኃ ገንዳ። ዙሪያው ኦርቴንሲያ የሚባለው ሰማያዊ አበባ አጥር።

አሜሪካ ውስጥ አውድማ ምን እንደሚሠራ አላውቅም።

ወረቀቱ ይመለስልኝ።

ኤቫሪስቶ


ሳልተርስ ኔክ
ኤፕሪል 7፣ 2019

ለወንድሜ ለኤቫሪስቶ፣

ለወረቀቱ እግዚአብሔር እድሜህን እንደ ክር ያርዝመው። ፖስታውን በሩ ላይ ከፍቼ ጮኽኩ፣ ፖስተኛው ሰው የሞተብኝ መስሎት ውኃ ሊሰጠኝ ነበር። የአባቴ እርሳስ! ጫን ያለው፣ ወረቀቱን የሚቀድ!

እየሮጥኩ፣ ሩጫ ካልከው፣ ወደ ኮሚቴው። ፕሪሲላ መነጽሯን ሁለቴ ጠረገች። "ወይዘሮ ፉርታዶ፣ ይሄ ድንቅ ነው፣ ግን 'አምስት አባታችን ሆይ' ስንት ሜትር ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጸሎት ነው!"

ጊል ከበሩ ሥር ሆኖ፣ "አያቴ እንቁላል የምትቀቅለው በሦስት አባታችን ሆይ ነበር፣ አስኳሉ ሲቀልጥ ትወደው ነበር" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሾርባውን መለስኩለት፣ ምስክር ሆነኝ።

ወረድን። አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት ውሻ፣ የጊል ኤስካቫተር። ከኋላው በር ተነሳሁ፣ ባሕሩን በግራ ያዝኩ፣ ጊል ከፊቴ እሾሁን እየመነጠረ፣ እኔ ጮክ ብዬ አባታችን ሆይ፣ አባታችን ሆይ። አምስተኛው አሜን ላይ ቆምኩ። "ቆፍር!"

ቆፈረ። አጥንት ወጣ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "የአውድማው በሬ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ትንሽ ድንጋይ ብቅ አለች፣ ጊል በጓንቱ ጠረጋት፣ ፕሪሲላ አነበበች። "ዱክ። ታማኝ ውሻ። 1931–1944።"

የትሬድዌሎች የውሻ መቃብር! ሰባት ውሻ አለ፣ አንዱ የሚስ አዴላይድ እናት ጭን ላይ የሞተ። ሁለቱ በሕይወት ያሉት ውሾች አጥንቱን ይዘው ሮጡ፣ ጊል ሲያባርራቸው ወደቀ። ፕሪሲላ እጄን ይዛ፣ "ጎብኚዎች ውሾቹን ይወዷቸዋል" አለችኝ። በደግነቷ ገደለችኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ሦስት ጊዜ ጸለይኩ፣ ሦስት ቦታ ደረስኩ። ኮሚቴው ሐሳቡን አልቀየረም፤ "ሥዕሉን በመስታወት ውስጥ እንሰቅለዋለን" አሉኝ፣ ጠጠሩ ግን ሜይ አንድ ይፈሳል። ፕሪሲላ እስከ ኤፕሪል ሠላሳ እጠብቅሻለሁ ብላለች።

ኤቫሪስቶ፣ እውነቱን ንገረኝ። አባቴ ዋሽቶ ይሆን? የሌለ አትክልት እየሣለ ለወንድሙ ይልክ ነበር? ከዚያ በኋላ ጎመን መቁረጥ እንኳ አቃተኝ። ጉዳዩ ከመኪና ማቆሚያው አልፏል።

ዴኦሊንዳ


ሳን ሚጌል
ኤፕሪል 16፣ 2019

ለእታለም ዴኦሊንዳ፣

የሕማማቱ ጌታ ያጽናዎት። ይህን ቤኣትሪሽ በፈጣን ፖስታ እየላከችው ነው።

ደብዳቤዎን ያነበበችልኝ እሷ ናት። መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሯት ውኃ ጠጣች። ያን ጊዜ እንዴት እንደሚጸልዩ ገባኝ።

እታለም፣ የእርሻ አባታችን ሆይ የቤተክርስቲያን አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም። በበሬ እርምጃ ነው የሚባል። በሬ አይቸኩልም። "አባታችን" አንድ እርምጃ፣ "ሆይ" አንድ እርምጃ፣ ትንፋሽ። ያን ሁሉ ቢቸኩሉ ውሻ መቃብር ነው የሚደርሱት።

ሌላ ነገር አለ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አጎቴ እንዳልዋሹ ላሳይዎት ብዬ፣ ሃያ ስድስቱን ወረቀት ይዤ ወደ ማሳችን ሄድኩ። እርምጃውን ልለካበት ብቻ ነው፣ ቀላል ሜዳ ስለሆነ። ከማሳው በር ተነሳሁ። ባሕሩ በግራዬ ነው። አምስት አባታችን ሆይ አልኩ። የአያቶቻችን አውድማ ላይ ቆምኩ። ወደ ቀኝ ሁለት አልኩ። በለሱ ሥር ነኝ። ቁልቁል አንድ። ላሞቹ የሚጠጡበት ገንዳ።

ሦስት ጊዜ ዞርኩት። የላኩልዎት ሥዕል የዚያ ግቢ መስሎኝ ነበር። የኛ ማሳ ነው። አባትዎ ማሳችንን እዚያ ሠርተውታል።

አባቴ ይህን ማሳ ሰባ ዓመት አርሶታል። ወረቀቱን ሲያይ ሳያውቀው አይቀርም። ለምን እንዳልነገረኝ አላውቅም። ላሞቹ ራሳቸው ፈልገውኝ እስኪመጡ አውድማው ላይ ተቀመጥኩ።

ኤፕሪል 28፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእናንተ ሰዓት ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ቤኣትሪሽ በስልኳ ትደውላለች። እኔ እዚህ እሄዳለሁ፣ እርስዎ እዚያ ይሂዱ። እየጸለይኩ ነው የምሄድ፣ እርስዎ አፍዎን ይዘጋሉ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ወንድምዎ ኤቫሪስቶ


ሳልተርስ ኔክ
ኤፕሪል 29፣ 2019

ኤቫሪስቶ! ወንድሜ! የአባቴ ወንድም ልጅ!

ክርስቶስ ተነሥቷል፣ እኔም ተነሥቻለሁ፣ ጉልበቴም ተነሥቷል! አንተ በስልኩ ግማሹን ሰምተሃል፣ ጆሮህ ግን ጆሮህ ነው፣ ቤኣትሪሽም እያለቀሰች ስለነበር ምን እንደነገረችህ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ከነጥቃቅኑ ልንገርህ፣ ተቀመጥ።

የመንፈስ ቅዱስ ማኅበራችን ሰው ሁሉ መጣ፣ የአዳራሹን የእሑድ ሾርባ ትቶ። አርባ ሰው ይሆናል! ፕሪሲላ በነጭ ሱሪዋ መጣች። ጊል ኤስካቫተሩን በር ላይ አቁሞ የብረት ዘንግ ብቻ ይዞ ገባ፣ "ከእንግዲህ ውሻ አላወጣም" ብሎ። ስልኩ ጮኸ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ንፋስ። ከዚያ አንድ ላም "ሙው!" አለችኝ። "ዝም በያት፣ ተራዬ ነው!" አልኩ። ከዚያ ያንተ ድምፅ።

"አባታችን… ሆይ…"

ወይኔ ወንድሜ፣ እንዴት ትዘገያለህ! "በሰማያት" እስክትደርስ እኔ አሜን ልል ነበር። ምላሴን ነክሼ ያዝኩት፣ አሁንም ቁስል አለው። አንድ እርምጃ። ትንፋሽ። አንድ እርምጃ። የውሻ መቃብሩን ስናልፍ ገና አንደኛው አባታችን ሆይ ላይ ነበርክ! ከኋላዬ ሰው ሁሉ ባንተ እርምጃ ይሄድ ጀመር። ሁለተኛው ላይ አሮጊቶቻችን በፖርቱጋልኛ ያጅቡህ ጀመር፣ ሦስተኛው ላይ ፕሪሲላ በራሷ በእንግሊዝኛ፣ በሹክሹክታ። ጸሎቱ ያው ነው፣ ርዝመቱም ያው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም እንደ በሬ መሄድ ይችላሉ ለካ!

ከዚያ አራተኛው መሃል ላይ ቆምክ። ንፋስ ብቻ። የሞትክ መሰለኝ።

"ምን ሆንክ?"

"ድንጋይ" አልክ።

"የምን ድንጋይ?"

"ትልቁ ድንጋይ ነዋ። አያታችን ሊነቅለው ወገቡን የሰበረበት። እዚህ ስደርስ ዞሬ ነው የማልፍ።"

እኔ ፊቴ እሾህ ብቻ ነው። "እዚህ ድንጋይ የለም" ልልህ አፌን ስከፍት፣ ጊል ከአራት እርምጃ ፊት፣ እሾሁ ውስጥ ሆኖ፣ "ዴኦሊንዳ! ዴኦሊንዳ! እዚህ ድንጋይ አለ!"

አራት እርምጃ ያነስኩት የአባቴ እግር ረጅም ስለነበር ነው። የኔ አጭር ነው፣ የሚረዝመው ምላሴ ብቻ።

ጥጃ የሚያክል ድንጋይ! ጊል ዙሪያውን አየው፣ በሰንሰለት የተፋቀበት ምልክት አለው። ከባሕሩ ዳር ተጎትቶ የመጣ ነው። "ሰው ጤነኛ ሆኖ ድንጋይ ጎትቶ አትክልት መሃል ያስቀምጣል?" አለ።

"ዞሮ ለማለፍ" አልኩት።

ዞርን። አንተ እዚያ ዞርክ፣ እኔ እዚህ ዞርኩ። ሌላ አንድ አባታችን ሆይ ተኩል። አሜን አልክ። አሜን አልን። ጊል ዘንጉን ተከለው። አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ፣ ከዚያ ቃ! አለ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ቃ! ሌላ እርምጃ፣ ቃ! ሰማኸው? ቤኣትሪሽን ጠይቃት፣ ስልኩን መሬት ላይ ነበር የያዝኩልህ።

በአካፋ፣ በእጅ፣ በሾርባ ማንኪያ ሳይቀር ቆፈርን። ሁለት ክንድ አሸዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ክቡ ወጣ፣ ኤቫሪስቶ። ድንጋይ ከድንጋይ ተገጣጥሞ፣ እንደ ሳህን። አንድ ዘለላ ስንዴ ያልተወቃበት አውድማ! ለማየት የመጣች፣ ከጌቶቹ ወገን የሆነች አንዲት አሮጊት፣ "እናቴ እዚህ ሻይ ጠጥታለች፣ 'የማኑዌል ክብ' ይሉት ነበር፣ የዳንስ ቦታ መስሏቸው" አለች። የኔ አባት! ጌቶቹን አውድማ ላይ አስቀምጦ ሻይ አጠጥቷቸው ኖሯል፣ ሳያውቁት! ሲወቁ ባያቸው ደስ ባለኝ።

ፕሪሲላ በነጭ ሱሪዋ ተንበርክካ ድንጋዩን በመሐረቧ ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ ጠጠሩን ለሚያመጣው ሰውዬ ደወለች። "አይምጡ" አለች፣ "ባለቤት አለው።" መኪናዎቹ የፈረሶቹ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ጊል አልተቆጣም፣ "አሸዋ መዛቅም ሥራ ነው" ብሏል። ዛሬ ጠዋት ከአውድማው በቀኝ በኩል ሁለት አባታችን ሆይ ሄዶ ቆፍሮ፣ የደረቀ የበለስ ጉቶ አግኝቷል። ቀስ ብሎ ጸለየ፣ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ያልገባኝ አንድ ነገር። ከአውድማው ጠርዝ፣ ወደ ባሕሩ በኩል፣ አንድ ጠፍጣፋ መቀመጫ ድንጋይ አለ። ላዩ ላይ በመሮ ሁለት ፊደል ተቀርጿል። አንድ ጄ፣ አንድ ኤም፣ ጎን ለጎን። ኤሙ ማኑዌል ነው፣ እሺ። ጄው ምንድነው? ፕሪሲላ የመጽሐፍ ቅዱስ ነገር ነው ትላለች። አንተ ታውቃለህ?

ጁን አሥራ አምስት ሪባኑን አንቺ ቁረጪ ብለውኛል፣ በፊት ለፊቱ በር። አባቴ አንድ ቀን ያላለፈበት በር። እኔ አልቆርጥም ብያለሁ። ብቻዬን አልቆርጥም ብያለሁ ማለቴ ነው።

አውሮፕላን እንደምትፈራ ቤኣትሪሽ ነግራኛለች። አልለምንህም። ዝም ብዬ ነው የነገርኩህ።

እታለም ዴኦሊንዳ


ሳን ሚጌል
ሜይ 14፣ 2019

ለእህቴ ለዴኦሊንዳ፣

የመንፈስ ቅዱስ በዓል እየደረሰ ነው፣ በረከቱ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ጄው የመጽሐፍ ቅዱስ ነገር አይደለም። በእኛም አውድማ ጠርዝ፣ ወደ ባሕሩ በኩል፣ መቀመጫ ድንጋይ አለ። አባቴና አባትሽ ልጆች ሆነው ላም ሲጠብቁ በምስማር የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ጭረውበት አያታችን ገርፏቸዋል። ዡዋው በጄ፣ ማኑዌል በኤም። አባቴ ምሳውን የሚበላው እዚያ ላይ ነበር፣ ጄው ላይ ቁጭ ብሎ። ኤሙ ላይ ሰው አያስቀምጥም። እኔም አልተቀመጥኩበትም።

አባቴ እስኪሞት ወንድሙ ረስቶት ነው ብዬ አስብ ነበር። እሱ አንድ ቀን እንደዚያ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ለካ አባቴ ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ተቀምጦ ኖሯል፣ ከአባትሽ ጎን።

የጎረቤቴ የማሪዮ ልጅ ላሞቹን ይይዝልኛል። የወርቅ ቀለም ቁልፉ ከኮቱ ተርፎ ነበር፣ ቤኣትሪሽ በአዲሱ ኮቴ ላይ ሰፍታዋለች። በአውሮፕላን መስኮት አልቀመጥም ብያታለሁ። ጁን አሥራ ሦስት ቦስተን እንገባለን፣ እኔና እሷ። ስንዴ ጉምሩክ አያሳልፍም አሉኝ፣ እዚያው ፈልጊልኝ፣ አንድ ቁና ይበቃል። አውድማ ሳይወቃበት ሰው አያስጎበኙም።

በፊት ለፊቱ በር ጠብቂኝ።

እስክመጣ ድረስ ግን፣ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ጸልዪ።

ወንድምሽ ኤቫሪስቶ